ቁጭ ብሎ መብላት

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጥ ቤት ውስጥ የሻይ ብርጭቆ እያለቀለቀች ሳለ፣ አክስቷ በረንዳ ላይ ሆነው ለጎረቤቲቱ ሲያወሩ ሰማች። “እሷማ ከልጅነቷ ጀምሮ ቁጭ ብላ መብላት አትወድም” አሉ አክስቷ። “ጠረጴዛ ትጠላለች። ስንቴ ለመንኳት! ነይ ከልጆቹ ጋር ብዪ ብላት ብሠራት፣ አሻፈረኝ! ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ካልሆነ እህል አይወርድላትም ነበር። መቀመጥ የጀመረችው አሁን በቅርቡ ነው።” ጎረቤቲቱም “እንግዲህ የሰው ጠባይ አይታወቅም” ብላ ወደ ሽንኩርት መወደድ ተሻገረች። ውሃው ይፈሳል፤ ብርጭቆው እጇ ላይ ነው፤ አፏ ውስጥ ደግሞ አኝካ ያልጨረሰችው ዳቦ አለ። የዛሬ ዓመት ቢሆን ኖሮ ያ ዳቦ እዚያው ጉሮሮዋ ላይ ተገትሮ ይቀር ነበር። እሷም ‘እውነታቸውን ይሆናል፤ እኔው ነኝ ጠባየ ክፉ’ ብላ በውሃ ልታወርደው ትታገል ነበር። ዛሬ ግን ዳቦው ወረደ። በእሱ ፋንታ የመጣው ንዴት ነው፤ የማን እንደሆነና ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ፣ አድራሻ ያለው ንዴት። ቧንቧውን ዘጋች፣ እጇን አደረቀች፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ “ወጣሁ አክስቴ” አለች። ወደ በረንዳው ያልሄደችው ፈርታ አልነበረም፤ ሦስት ሰዓት ላይ ቀጠሮ ስለነበራት ነው።

የሥራ ባልደረቦቿ ዘምዛሚዋ ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ የልብስ ማስተካከያ ቤት የሱሪ እግር ስታሳጥር፣ የቀሚስ ጫፍ ስትዘመዝም ኖራለች፤ በአንድ እይታ የሰው ቁመት በሴንቲ ትናገራለች። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል። እሱም በሕይወት ሳለ ማዕድ አቅርባ ወጥ ቤት ስትገባ፣ “እኔ ሚስት አገባሁ ብዬ ነበር፤ ለካስ አስተናጋጅ ነው የቀጠርኩት” እያለ ይቀልድ ነበር። ልጅ አልወለዱም። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ያሳደጓት አክስቷ ጉልበታቸው ደክሞ ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው፣ የገዛ ልጆቻቸው ሁለቱ ቤታችን ጠባብ ነው፣ ሌላው ሥራዬ ያዘዋውረኛል፣ ሌላዋ ባሌ ምን ይለኛል ሲሉ፣ ዘምዛሚዋ ሄዳ አመጣቻቸው። ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም ማንንም አልጠየቀችም። መኝታ ቤቷን ለቀቀችላቸውና ሳሎን ያለው ረጅም ወንበር ላይ መተኛት ጀመረች። በአራተኛው ወር ምግብ አልዋጥ አላት።

መጀመሪያ ዳቦ ነበር፤ ቀጥሎ ሩዝ፤ በመጨረሻ የተፈጨ ድንች እንኳ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ጥጥ ይጠቀለል ጀመር። ቀሚሷን በራሷ የስፌት መኪና ሁለቴ አጠበበችው። ሐኪሙ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ በአፏ አስገብቶ አየና፣ “ጉሮሮዎ እንደ አዲስ ቧንቧ ነው” አላት። ካንሰር ነው ብላ ስትጠብቅ ለነበረች ሴት ይህ የምሥራች መሆን ነበረበት፤ ግን እየከሳች ‘ምንም የለብሽም’ መባል ከበሽታውም ይከፋል። ያው ሐኪም ነው ወደ አራተኛው ፎቅ የላካት፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሃምሳ ደቂቃ፣ አሥራ ስድስት ሳምንት፣ በንግግር ብቻ የሚሰጥ አጭር ሕክምና አለ ብሎ። ይህን የሰማው የሥራ ባልደረባዋ ሳቀባት። ይህ ሰው ተኳሹ ይባላል፤ የሚተኩሰው ግን ሸሚዝና ሱሪ ነው፣ በካውያ። “ለወሬ ደግሞ ሐኪም! እኔ በነፃ የማዳምጥሽ ምን ሆንኩ?” አላት።

ዛሬ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ተቀምጣ መንገዱን እያየች ስትሄድ ያ ሁሉ ትዝ አላት። የንግግር ሐኪሙ፣ በልቧ ‘ሰውዬው’ የምትለው፣ ከእሷ በአሥር ዓመት የሚያንስ፣ ካልሲው ሁልጊዜ ወደ ቁርጭምጭሚቱ የሚንሸራተት ዝምተኛ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት “አክስትዎ የመጡት መቼ ነው?” ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። “መዋጥ ያስቸገረዎትስ?” ያንንም ነገረችውና “ምን አገናኘው?” አለችው። “እኔም አላውቅም፤ አብረን እንየው” ሲላት ተናደደች፤ ‘አላውቅም’ ለሚል ሰው ነው እንዴ ተራ የያዝኩት ብላ። ልትቀር የፈለገችባቸው ሳምንቶች ነበሩ። ስለ ደንበኞች ታወራለች፣ ስለ ዚፕ ጥራት ታወራለች፣ እሱ ይሰማል፤ አልፎ አልፎ “አሁን ደግሞ ሳቁ” ይላታል፤ እውነትም የሚያስለቅስ ነገር እያወራች ስትስቅ ራሷን ታገኘዋለች።

በዘጠነኛው ሳምንት ሰውዬው ሰባት ደቂቃ አረፈደ። በሩን ከፍቶ ይቅርታ ሲጠይቃት፣ “ኧረ ምንም አይደለም፣ ችግር የለም” አለችው ፈገግ ብላ። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ትንሽ አያት። “ምንም አይደለም አሉኝ፤ ግን እስካሁን ቁጭ አላሉም” አላት። ዘወር ስትል እውነትም ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ከዚያ የሆነውን ዛሬም ስታስበው ጆሮዋ ይግላል። እዚያው እንደቆመች፣ “ለምንድነው ሁልጊዜ የምጠብቀው እኔ የምሆነው?” ብላ ጮኸችበት፤ በሕይወቷ ሰው ላይ ጮኻ አታውቅም። ኮሪደሩ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እሱ አልተቆጣም፣ አላባበላትምም። “ከማን ጀምሮ ነው የሚጠብቁት?” ብቻ አላት። ያኔ ነው ተቀምጣ የነገረችው። ስምንት ዓመቷ ነበር፤ እናቷ ሞተች፤ አክስቷ ወሰዷት። በአክስቷ ቤት ስድስት ወንበር ነበር፤ ለአክስቷ፣ ለባላቸውና ለአራት ልጆቻቸው። በመጀመሪያው ቀን አክስቷ “ለዛሬ ወጥ ቤት ብዪ፤ ነገ ወንበር እናመጣለን” አሏት። ያ ‘ነገ’ አሥር ዓመት ፈጀ። በቀጣዩ ሳምንት ወደ ቀጠሮዋ ስትሄድ፣ እንደዚያ ጮኻበት በሩ ተቆልፎ እንደምታገኘው እርግጠኛ ነበረች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሰውዬውም ካልሲውን እየሳበ ይጠብቃት ነበር።

ከዚያ በኋላ ጉሮሮዋ ተከፈተ ማለት ውሸት ይሆናል። ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ። መለያያው ሲቃረብ፣ በአሥራ አምስተኛው ሳምንት፣ እንደገና ድርቅ አለባት፤ “እርስዎም እንግዲህ ወደ ወጥ ቤት ሊልኩኝ ነው” አለችውና ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ እሷ አለቀሰች። በመጨረሻው ቀን ቁጭ ብላ መብላት የምትችለው ለብቻዋ ስትሆን ብቻ ነበር። ‘በቃ፣ ይቺ ናት የደረሰችኝ’ ብላ ነው የወጣችው። ነገር ግን ሕክምናው ካለቀ በሁለተኛው ወር፣ ሳታስበው፣ ተኳሹ ፊት ለፊት በርጩማ ስባ ምሳዋን በላች። በአራተኛው ወር አንድ እሑድ የአክስቷን ሾርባ አቅርባ፣ ለራሷም ቀዳች፤ ወደ ወጥ ቤት የምትመለስበት ምክንያት ፈለገች፣ አጣችና ተቀመጠች። አክስቷ ቀና ብለው አይተዋት ወደ ሳህናቸው ተመለሱ። ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ ሁለቱም ምንም አልተናገሩም።

ዛሬ ከተሰናበተች ስድስት ወር ስለሞላት ለጥያቄ ተጠርታ ነው የመጣችው። አራተኛው ፎቅ ላይ የጠበቀቻት ግን ሰውዬው ሳይሆን መነጽር ያደረገች፣ ወረቀቶቿን በየቀለማቸው የደረደረች ወጣት ሴት ናት። ክፍሉ ሌላ ነው፤ ጠባብ፣ አዲስ ቀለም ቀለም የሚሸት፣ መስኮቱ የሌላ ሕንፃ ግድግዳ የሚያይ። “እሱ የለም እንዴ?” አለች ዘምዛሚዋ፣ ቅር ማለቷን ሳትደብቅ።

“አለ። ግን ያከመዎት ሰው ራሱ እንዳይጠይቅ ነው ደንቡ። እሱን ላለማስከፋት ብለው የሌለውን ‘ተሻለኝ’ እንዳይሉ።”

“ውሸታም ናት ተብዬ ነዋ!”

“ጨዋ ነዎት ተብለው ነው” አለች ልጅቷ፣ ሁለቱም ፈገግ አሉ። ልጅቷ ይህ ሕክምና ጥቅሙ ካለቀ በኋላም እየጨመረ ይሄዳል የሚሉ እንዳሉ፣ እነሱም በዚህ ቤት እውነት መሆን አለመሆኑን በየሰዉ እየጠየቁ እያዩ እንደሆነ ነገረቻት። መልሱ ከዜሮ እስከ አሥር ባለ ቁጥር ነው፤ ዜሮ ችግር የለም፣ አሥር የከፋ። ምግብ መዋጥ? የመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ብላ ነበር፤ በመጨረሻው ቀን አምስት። ዘምዛሚዋ አሰበች። “ሁለት ተኩል።” ግማሽ የለም አለቻት ልጅቷ፤ ወይ ሁለት ወይ ሦስት። “በእኛ ሥራ ግማሽ ሴንቲ ሱሪ ያበላሻል” አለች ዘምዛሚዋ፤ አልለቀቀቻትም። ልጅቷ ወደ በሩ ገላመጥ አለችና ሁለት ተኩል ብላ ጻፈች። እንቅልፍ፣ ድካም፣ ከሰው ጋር መቀመጥ፤ በየተራ ተጠየቀች። “መቆጣትስ? ባለፈው ሳምንት ተቆጥተው ያውቃሉ?”

“ዛሬ ጠዋት።”

“ሕክምናውን ከመጀመርዎ በፊት ከነበረው ጨምሯል ወይስ ቀንሷል?”

“ጨምሯል።” ከዚያ ደነገጠች፤ ሰውዬውን ያሳጣችው መሰላት። “ይሄ መጥፎ ነው እንዴ? እንዲህ ከሆነ ትንሽ ቀንሺው።”

“ቅጹ ላይ ጥሩና መጥፎ የለም። እርስዎ ምን ይላሉ?”

ዘምዛሚዋ ግድግዳውን የሚያየውን መስኮት አየች። በረንዳው፣ ቧንቧው፣ ‘ስንቴ ለመንኳት’ የሚለው ድምፅ ተመለሰባት። “ጥሩ ነው” አለች። የመጨረሻው ጥያቄ ቁጥር የለውም፤ በራስዎ ቃል፣ ሕክምናው ለውጥ አምጥቶ ከሆነ ምን ለወጠ የሚል ነው። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አዘጋጀች። “አሁን ሲከፋኝ አውቀዋለሁ” አለች ዘምዛሚዋ። “በፊት ሲከፋኝ የሚያውቀው ጉሮሮዬ ብቻ ነበር።” ልጅቷ እንደገና እንድትደግምላት ለመነቻትና ቃል በቃል ጻፈችው።

ስትወጣ ሰውዬውን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። የውሃ ማፍያ ይዞ ከመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ቀድቶ እየተመለሰ ነበር፤ ካልሲው ዛሬም ወርዷል። “እንደምን ነዎት?” አላት። ብዙ ልትለው ፈልጋ ነበር፤ በአውቶቡስ ስትመጣ ግማሹን አሰናድታዋለች። “ደህና ነኝ” ብቻ አለች። እሱም አጎንብሶ እጅ ነሳና ማፍያው እንዳይፈስበት እየተጠነቀቀ ሄደ። ደረጃውን ወርዳ መንገድ ከደረሰች በኋላ ነው አለማመስገኗ ትዝ ያላት፤ ብቻዋን ሳቀች። አሥራ ስድስት ሳምንት ሙሉ ስትለፈልፍለት ኖራ ለአንዲት ‘እግዜር ይስጥልኝ’ ትንፋሽ አጠራት። ልትመለስ አሰበች፤ ግን ያ ‘ደህና ነኝ’ ይበቃዋል ብላ ተወችው። ሥራው እሱው አይደል፤ የተባለውን ብቻ ሳይሆን ያልተባለውንም መስማት።

የልብስ ማስተካከያው ቤት ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር ነው፤ ሦስት የስፌት መኪና፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛ፣ ሁልጊዜ እርጥብ ጨርቅና የተቃጠለ ክር የሚሸት አየር። አምስት ሰዓት ሲሆን ደረሰች። አራት ሰዎች ግድግዳው ጥግ ባለው አግዳሚ ላይ ተራ ይጠብቃሉ፤ አምስተኛው፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ፣ ቆሞ ሱሪውን መደርደሪያው ላይ ዘርግቷል። “የኔ እመቤት፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ናት፤ ስብሰባ አለብኝ” አላት። የኔ እመቤት የሚሏት ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ ታውቃለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ‘እሺ’ ስትላቸው፣ ምሳዋን ሳትበላ ስትቀር፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት በዓይናቸው ሲገርፏት ኖረዋል። “ከእርስዎ በፊት አራት ሰው አለ” አለችው፤ በትሕትና፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ። “ስምንት ሰዓት ይምጡ፤ ተተኩሶ ይጠብቅዎታል።” ደንበኛው የሱቁን ባለቤት የሚፈልግ ይመስል ዙሪያውን ቃኘና፣ የሚያግዘው ሲያጣ፣ “እሺ፣ ስምንት” ብሎ ወጣ። ሰማይ አልተደፋም። አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አንዲት ሴትዮ “ተባረኪ” አለቻት።

ምሳ ላይ ተኳሹ በርጩማውን አስጠግቶ ዳቦውን ለሁለት ገመሰና ግማሹን ወደ እሷ ገፋ። “እሺ፣ ፈተናው እንዴት ነበር? ስንት አመጣሽ?”

“ሁለት ተኩል።”

“ከስንት?”

“ከአሥር።”

“ወድቀሻል በይኛ!” አለ ከልቡ አዝኖ።

“ሲያንስ ነው የሚሻለው።”

“እንዲህ ያለ ፈተና በእኛ ጊዜ የት ነበር!” አለና አፉ እንደሞላ ሳቀ። ጠዋት የሰማችውን ነገረችው። ተኳሹ ቀልደኛ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም፤ ዳቦውን ማኘክ ተወ። “ታዲያ ትነግሪያቸዋለሽ?” አላት። “እንጃ” አለች። “ሰማንያ ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አርባ ዓመት ያለፈ ነገር ምን ይሠራል?” ይህን ስትል የራሷን ድምፅ ሰማችው፤ ያው ‘ምንም አይደለም፣ ችግር የለም’ የሚለው ድምፅ ነው፣ ቦርሳውን አቅፎ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው። ተኳሹ የካውያውን ሙቀት በእርጥብ ጣቱ ሞከረና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ የአንድ ቢሮ መጋረጃ ነበር የምትዘመዝመው፤ ሃያ ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ ስፌት፣ እጅን እንጂ ሐሳብን የማይፈልግ። መጋረጃው ሲያልቅ ሐሳቧም አለቀ፤ ልትነግራቸው ቆርጣለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ድንችና ካሮት ይዛ ቤቷ ገባች። አክስቷ ሬዲዮኑን ድምፁን ቀንሰው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሾርባ ሠራች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ ሁለት ሳህን አቀረበች፣ ተቀመጠች። ውጭ ገና ብርሃን ነው፤ ልጆች ግቢው ውስጥ ኳስ ይራገጣሉ። አክስቷ ሾርባቸውን እፍ እያሉ ሁለት ማንኪያ ጠጡ። እሷ አልጀመረችም።

“አክስቴ፣ ጠዋት ለጎረቤታችን ሲነግሩ ሰማሁ።”

“ምኑን?”

“ቁጭ ብሎ መብላት አትወድም ያሉትን። ስንቴ ለመንኳት ያሉትን።”

“ታዲያ አልለመንኩሽም?” አሉ አክስቷ፤ ማንኪያቸው አየር ላይ ቀረ።

“አልለመኑኝም።”

ሳህን ለማንሳት ማንም አልተነሳም፤ ይህ በዚያ ቤት አዲስ ነገር ነበር። አክስቷ ማንኪያውን አስቀመጡ። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ የሚጠረግ ነገር አልነበረውም። “ስድስት ወንበር ነበር” አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል። “እህቴን ቀብሬ በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ነው የመጣሽው። ዓይኔ አያይም ነበር። ወንበር ላመጣ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል ቆየ። አንቺም ዝም አልሽ። አራቱ ሲጯጯሁ አንቺ ዝም ስትዪ፣ ተመችቷት ነው ብዬ ተውኩሽ።”

“አልተመቸኝም። ከፍቶኝ ነበር።”

“ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?”

“ስምንት ዓመቴ ነበር።”

ይቅርታ የሚል ቃል ከአክስቷ አልወጣም፤ እሷም አልጠበቀችም። የጠበቀችው ጉሮሮዋን ነበር። ማንኪያዋን አነሳች፣ አንድ ቁራሽ ድንች አስገባች፣ አኘከች፣ ዋጠች፤ ሄደ። ሌላ ጨመረች። አክስቷ በመስኮቱ ኳሱን የሚራገጡትን ልጆች ሲያዩ ቆዩ፤ የዓይናቸውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ጠረጉና ቁጣ መሳይ ነገር እየሞከሩ ወደ እሷ ዞሩ።

“ለዚያ ሰውዬ ይሄንን ነው ስትነግሪው የከረምሽው? አሥራ ስድስት ሳምንት ሙሉ ስታሚኝ?”

“አዎ።”

“ሁሉንም?”

“ሁሉንም።”

“ደግ ደጉንስ?”

“እሱንም ነግሬዋለሁ።”

“ምን ደግ ነገር አድርጌ አውቃለሁ?” አሉ አክስቷ። ሊጨቃጨቁ አስበው የጀመሩት ጥያቄ መሐል ላይ ድምፁ ተለወጠባቸው፤ የእውነት መልስ ፈለጉ። ዘምዛሚዋ ዳቦዋን አስቀመጠች። አሥር ዓመቷ ሳለ አንድ ክረምት ትኩሳት ይዟት ራሷን ስታ እንደነበረ፣ መኪና እንደጠፋ፣ አክስቷ አዝለዋት በዝናብ እስከ ጤና ጣቢያው እንደሄዱ ነገረቻቸው። ድልድዩ ጋ ጎርፉ አንድ ጫማቸውን ወስዶት በሌላኛው ብቻ እያነከሱ እንደደረሱ፣ እሷም ጀርባቸው ላይ ሆና ያንን ባዶ እግር እያየች ‘አሁን ያወርዱኛል፣ አሁን ያወርዱኛል’ ስትል እንዳላወረዷት። “ለሰውዬው ይሄን ስነግረው ሳላለቅስ መጨረስ አቃተኝ” አለች።

“እኔ? በአንድ ጫማ?” አሉ አክስቷ፤ ፊታቸው እንደ ልጅ ተከፈተ። “ጨርሶ ረስቼዋለሁ።”

“በአንድ ጥቁር ጫማ።”

“ጥቁር ጫማ ኖሮኝ አያውቅም። ቡናማ ነው።”

“ጥቁር ነው አክስቴ። ማሰሪያ የነበረው።”

“ማሰሪያ የነበረውማ ቡናማው ነው! የራሴን ጫማ ታስተምሪኛለሽ?”

“ጥቁር ነው” አለች ዘምዛሚዋ። ከአክስቷ ጋር ስትከራከር በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደስ ደስ አላት፤ ዳቦዋን ሾርባው ውስጥ ነክራ ጎረሰች።

አክስቷ አይተዋት አይተዋት ሳቃቸው መጣ፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። “ይቺ ልጅ ምላስ አወጣች! ያ ሐኪም ነው ያበላሸብኝ” አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉና ክርናቸውን ተደግፈው ፊቷን ማየት ጀመሩ። “እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ” አሏት። “ዝናቡ መቼ ጀመረ?”

“ገና ከቤት ሳንወጣ ነው የጀመረው” አለችና ቀጠለች።